90 ጉድጓድ፦ ካርኒ የተባለችው የጦር መርከብ ምን ታጥቃ፣ የት የት ዋለች?

አጎቴ ከቡሬ ባሕር ዳር ሲመጡ የሚያርፉት እኛ ቤት ነው። በ2016 ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ማታ አብረን ዜና እናያለን። ዜናው ስለ ቀይ ባሕር ነበር። አንባቢው "ዲስትሮየር" አለና ወዲያው "አውዳሚ መርከብ" ብሎ ተረጎመው። ቀጠለናም ይህችው አውዳሚ መርከብ የንግድ መርከቦችን ከጥቃት ስትጠብቅ መክረሟን ተናገረ። አጎቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ። "እንዴ! ስሟ አውዳሚ ከሆነ ጥበቃ ምን አገባት?" አሉኝ።

ያን ማታ የሰጠኋቸው መልስ አላረካኝም። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳገላብጥ ከረምኩ። ጥያቄያቸው ትክክለኛው ጥያቄ ሆኖ ስላገኘሁት ከእሱው ልጀምር። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስሙ ከ130 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በዚያ ዘመን ቶርፔዶ የሚባል መሣሪያ መጣ። ውኃ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ መርከብን ከሆዷ የሚመታ። ትንንሽ ፈጣን ጀልባዎች ይህንን ይዘው፣ ጨለማን ተገን አድርገው፣ ስንት ዓመት የተደከመባቸውን ግዙፍ የጦር መርከቦች ተጠግተው ማስመጥ የሚችሉበት ዘመን ሆነ። መፍትሔው ጀልባዎቹን አሳድዶ የሚመታ ሌላ ፈጣን መርከብ መሥራት ነበር። "የቶርፔዶ ጀልባ አጥፊ" አሉት። ስሙ ረዘመና ከጊዜ በኋላ "አጥፊ" የሚለው ብቻ ቀረ። ዲስትሮየር የሚለው ቃል እሱ ነው። እና አጎቴ፣ ሥራው ከጅምሩም ጥበቃ ነበር። የሚያጠፋው ትልቁን መርከብ ሊነካ የመጣውን ነው።

አሁን አንዷን መርከብ ልያዝ። ያን ማታ ስሟ የተነሳው ካርኒ ነች፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዲስትሮየር፣ የጎን ቁጥሯ 64። ስሟን ያገኘችው ከ1945 እስከ 1947 የአሜሪካን ባሕር ኃይል ከመሩት ከአድሚራል ሮበርት ካርኒ ነው። የተሠራችው ሜይን በምትባል ግዛት፣ ባዝ ከተማ ባለ የመርከብ ፋብሪካ ነው። ሥራ የጀመረችው ሚያዝያ 5 ቀን 1988 ነው። አርሊ በርክ ከሚባለው የመርከብ ዘር 14ኛዋ ነች። ዘሩ እስካሁን ከ70 በላይ ደርሷል።

ግዝፈቷን በዓይናችሁ እንድታዩት አዲሱን የዓባይ ድልድይ አስቡ። ድልድዩ 380 ሜትር ይረዝማል። ካርኒ 154 ሜትር ነች፤ ሁለቷ ቢደረደሩ እንኳ ድልድዩ ይተርፋል። ወርዷ 20 ሜትር፣ የድልድዩ ግማሽ ያህል ነው። ከውኃ በታች ያለው አካሏ ግን ከ9 ሜትር ይበልጣል። ጣናን በጀልባ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሐይቁ በጣም ጠለቀ በሚባልበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ስለሆነ ካርኒ ጣና ላይ ብትገባ ሩቅ ሳትሄድ ሆዷ ጭቃ ይነካል። የሚነዷት አራት የጋዝ ተርባይኖች ከመንገደኛ አውሮፕላን ሞተር የተወለዱ ናቸው። ተደምረው 100,000 የፈረስ ጉልበት አላቸው። በሰዓት ከ55 ኪሎ ሜትር በላይ ትሮጣለች። ውስጧ 300 ያህል ሰው ይኖራል።

ወደ መሣሪያው ከመግባቴ በፊት ማማውን ላንሳ።

አጎቴ ልጅ ሆነው ማሳ ጠብቀዋል። በቆሎው እሸት ሲይዝ ማሳው መሐል በእንጨት ማማ ይሠራል። ልጅ ወንጭፉን ይዞ ይወጣበታል። ጦጣና ዝንጀሮ ከጥሻው ብቅ ሲል ይወነጭፋል። ለሚያይ ሰው የልጁ ሥራ መወርወር ይመስላል፤ ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ማየት ነው። ከፍ ብሎ የተቀመጠውም ለማየት ነው። ሌላም ነገር አለ፦ አጠገቡ የቆለለው ድንጋይ ቁጥር አለው። ሲያልቅ ከማማው መውረድ አለበት። ሲወርድ ደግሞ ማሳው ባዶ ነው።

ዘመናዊ ዲስትሮየር ማለት ይኸው ነው። ከፍ ያለ ዓይንና የተቆጠረ ድንጋይ።

ዓይኗ ኤጂስ የሚባል ሥርዓት ነው። ስሙ ከግሪኮች ተረት የመጣ የአማልክት ጋሻ ስም ነው። የመርከቧን ላይኛ ግንብ በአራቱም ማዕዘን ብታዩት ስምንት ጎን ያላቸው ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ተለጥፈዋል። ራዳሮቹ እነሱ ናቸው። እንደ ድሮው ራዳር አይሽከረከሩም። አራቱ ሰሌዳዎች አራቱን አቅጣጫ ሳያቋርጡ ያያሉ፤ ከ100 በላይ የሚንቀሳቀሱ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይከታተላሉ። ያዩትንም መርከቧ ውስጥ መብራቱ ደብዘዝ ተደርጎ በስክሪን የተሞላ አንድ ክፍል ውስጥ ለተቀመጡት ሰዎች ያቀብላሉ። ጦርነቱ የሚካሄደው እዚያ ክፍል ነው። ባሕሩን በዓይኑ የሚያይ ሰው እዚያ የለም።

ግን ዓይን ወሰን አለው። ምድር ክብ ናት፣ ራዳሩ ደግሞ የሚያየው በቀጥታ ነው። ሚሳኤል ከውኃው 5 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከመጣ 15 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ራዳር የሚያየው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ከመድረስ ያነሰ ርቀት። ሚሳኤሉ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ከሆነ ያቺ መንገድ 100 ሰከንድ ትፈጃለች። ሁለት የጎጃም ሰዎች መንገድ ላይ ተገናኝተው ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ማለት ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ማየት፣ የወገን ይሁን የጠላት መለየት፣ መወሰን፣ መተኮስ፣ ካልተሳካም ደግሞ መተኮስ አለ። ባሊስቲክ ሚሳኤል ሲሆን የባሰ ነው፤ ከላይ በድምፅ ፍጥነት አምስት እጥፍ ይወርዳል። በወቅቱ በአካባቢው የአሜሪካን ባሕር ኃይል ይመሩ የነበሩት ምክትል አድሚራል ብራድ ኩፐር ለቴሌቪዥን ሲናገሩ የመርከቡ አዛዥ ለመወሰን ያለው ከ9 እስከ 15 ሰከንድ ነው ብለዋል።

አሁን ድንጋዩ።

የካርኒን መርከብ ወለል ከላይ ያየ ሰው ብዙ መድፍ ፈልጎ አያገኝም። ፊት ለፊት አንድ መድፍ ብቻ አለ። ከመድፉ ኋላ ግን ወለሉ ላይ እንደ ቼዝ ሰሌዳ የተደረደሩ አራት ማዕዘን ክዳኖች ይታያሉ። 29 ናቸው። ወደ ኋላ ደግሞ 61። ድምሩ 90 ነው። እያንዳንዱ ክዳን ሥር ቁልቁል የወረደ ጉድጓድ አለ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሚሳኤል በማሸጊያው እንዳለ ቆሞ ይጠብቃል። ትእዛዝ ሲመጣ ክዳኑ ይከፈታል። ሚሳኤሉ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀጣጠላል፣ እሳትና ጭሱ በጎን ባለ መውጫ ሽቅብ ይፈናጠራል፣ መርከቧ በሙሉ በጭስ ትሸፈናለች። ሚሳኤሉ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣና ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዒላማው የሚታጠፈው። መድፍ እንደማዞር ያለ ነገር የለም። ጠላት በየትም ይምጣ፣ ሁሉም ጉድጓድ ዝግጁ ነው።

በጉድጓዶቹ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት አይደለም። ስታንዳርድ-2 የሚባለው ድሮን፣ አውሮፕላንና ክሩዝ ሚሳኤል (እንደ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ የሚበረውን) ይመታል። ስታንዳርድ-6 ከእሱ ይርቃል፣ ወደ መጨረሻው እየወረደ ያለ ባሊስቲክ ሚሳኤልንም ይይዛል። ስታንዳርድ-3 ከአየር በላይ፣ ጠፈር ላይ ወጥቶ ነው ባሊስቲክ ሚሳኤል የሚመታው፤ ፈንጂ የለውም፣ በግጭት ብቻ ያደቀዋል። ቶማሃውክ ደግሞ የብስ ላይ ያለ ዒላማን ከ1,600 ኪሎ ሜትር መምታት የሚችል ነው። ሰርጓጅ መርከብ ላይ የሚተኮስም አለ። ልብ በሉ፣ ስንቱን ከየትኛው መጫን እንዳለበት የሚወሰነው ወደብ ላይ ነው። ከወጡ በኋላ መለወጥ የለም።

ዋጋውን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አንድ ስታንዳርድ-2 ሁለት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የሚመታው ድሮን አንዳንዴ ጥቂት ሺህ ዶላር ነው የሚያወጣው። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ኪሳራ ነው ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ማነፃፀር ያለብን ሚሳኤሉን ከድሮኑ ጋር ሳይሆን ድሮኑ ሊመታው ከነበረው መርከብና መርከቡ ላይ ካሉት ሰዎች ጋር ነው። ማሳ የሚጠብቅ ልጅ ድንጋዩን የሚለካው በዝንጀሮው ዋጋ ነው እንዴ? የሚለካው በእሸቱ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከገንዘቡ ይልቅ ቁጥሩ ነው፤ እሱን ኋላ እመለስበታለሁ።

ያቺ ብቸኛ መድፍም ተራ አይደለችም። አፏ 127 ሚሊ ሜትር፣ በልማዱ 5 ኢንች የሚባለው ነው። በሦስት ሰከንድ አንድ ጥይት ትተፋለች፤ እያንዳንዱ ጥይት ከ30 ኪሎ በላይ ነው፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ይህ ልኬት ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1954 አሜሪካ ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የሰጠችው፣ "ኢትዮጵያ" ተብላ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ የነበረችው እሷም አንድ ባለ 5 ኢንች መድፍ ነበራት። 95 ሜትር ርዝመት ነበራት። በ1983 ወደ የመን ሸሸች። በኋላ ለብረት ተሸጠች። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

ሚሳኤሉም መድፉም የሳቱት ነገር ቢመጣ የመጨረሻው አጥር ፋላንክስ ነው። ከላዩ ነጭ ቆብ ያጠለቀ፣ ስድስት አፈሙዝ ያለው፣ በሰከንድ 75 ጥይት የሚረጭ መትረየስ ነው። የራሱ ራዳር አለው፣ ሰው ሳይነካው ራሱ አይቶ ራሱ ይተኩሳል። ካርኒ አንዱን ከፊት ይዛለች። ከኋላ በእሱ ምትክ 11 ትንንሽ ሚሳኤሎች ያሉት ሳጥን አለ። እዚህ ደረጃ ላይ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ግሬቭሊ የተባለችው እህቷ ታውቀዋለች። ጥር 21 ቀን 2016፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ማታ፣ ቀይ ባሕር ላይ አንድ ክሩዝ ሚሳኤል ሌላውን ሁሉ አልፎ 1.6 ኪሎ ሜትር እስኪቀረው ድረስ ቀረባት። ፋላንክሱ መታው። ስድስት ሰባት ሰከንድ ቢዘገይ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነበር።

ቶርፔዶ ማስወንጨፊያም አለ፣ በሁለት ወገን ሦስት ሦስት። ኋላዋ ላይ ሄሊኮፕተር ያርፋል፤ ማሳደሪያ ቤት ግን የላትም።

ይህ ሁሉ ታጥቆ ግን መርከብ ሊጎዳ ይችላል። ጥቅምት 2 ቀን 1993 የካርኒ ሌላዋ እህት ኮል ኤደን ወደብ ላይ ነዳጅ ስትሞላ፣ ፈንጂ የጫነች አንዲት ትንሽ ጀልባ ሁለት ሰው ይዛ ተጠጋቻት። ሰዎቹ ወዳጅ ይመስሉ ነበር። ጀልባዋ ፈነዳች፣ 17 መርከበኞች ሞቱ። የመርከቧ ጎን ላይ 12 በ18 ሜትር የሆነ ቀዳዳ ተከፈተ። 90ዎቹ ጉድጓዶች በሙሉ በቦታቸው ነበሩ፤ አንዱም አልጠቀመም። ነገሩን ስታዩት ዲስትሮየር ከመጀመሪያው ከተፈጠረበት ጠላት፣ ከትንሿ ጀልባ፣ መቶ ዓመት ቆይቶ ተገናኘ። ኮል ተጠግና ወደ ባሕር ተመልሳለች። ከዚያ ወዲህ ለቅርብ ጀልባ የሚሆኑ ትንንሽ መድፎችና መትረየሶች ጉዳይ እንደ ዋና ነገር ይያዛል።

ወደ ካርኒ ታሪክ ልመለስ። ይህ የመርከብ ዘር የታሰበው ሶቭየት ኅብረት በብዙ ሚሳኤል በአንድ ጊዜ ብታጠቃስ ተብሎ ነው። ካርኒ ሥራ ስትጀምር ሶቭየት ኅብረት ከፈረሰች ከአራት ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። የተሠራችበት ጦርነት አልመጣም። ለዓመታት የምትሠራው ልምምድና ቅኝት ነበር። በ2008 መጀመሪያ ወደ ስፔን፣ ሮታ ወደብ ተዛወረች። ከዚያ ሜዲትራንያንንና ጥቁር ባሕርን ስትመላለስ ኖረች። ነሐሴ 2008 ላይ ሊቢያ፣ ሲርት አካባቢ አይሲስ ላይ ይካሄድ በነበረው ውጊያ ያቺ መድፏ ተኩሳለች። በ2012 መጨረሻ ፍሎሪዳ፣ ሜይፖርት ወደሚባለው ቤቷ ተመለሰች።

ከዚያ መስከረም 16 ቀን 2016፣ እኛ ደመራ በምንለኩስበት ዕለት፣ ከሜይፖርት ተነሳች። ጥቅምት 7 የስዊዝን ቦይ አቋርጣ ቀይ ባሕር ገባች። በማግስቱ ጥቅምት 8 ሁቲ የሚባሉት የየመን ታጣቂዎች ወደ ሰሜን ያስወነጨፏቸው ሚሳኤሎችና ድሮኖች በራዳሯ ላይ ታዩ። አሥር ሰዓት ያህል በቆየ ውጊያ 15 ድሮንና 4 ክሩዝ ሚሳኤል መታች። የተጠቀመችው ስታንዳርድ-2ንና ያቺን አንድ መድፍ ነው። 27 ዓመት ያልመጣው ነገር በአንድ ቀን መጣ። ታህሣሥ ላይ ደግሞ በአንድ ዙር 14 ድሮን መታች። ጥር ላይ በቶማሃውክ የመን ውስጥ የራዳር ጣቢያ መታች። ሚያዝያ 5 ለ6 አጥቢያ፣ ልክ በ28ኛ ዓመቷ ሌሊት፣ ከሜዲትራንያን ሆና ከኢራን ወደ እስራኤል የተተኮሱ ባሊስቲክ ሚሳኤሎች ላይ ስታንዳርድ-3 ተኮሰች። ያ ሚሳኤል በእውነተኛ ጦርነት ሲተኮስ የመጀመሪያው ነበር፤ አብራት የተኮሰችው የዘሩ በኩር፣ አርሊ በርክ ራሷ ነች። በ235ኛው ቀን፣ ግንቦት 11፣ ሜይፖርት ገባች። 51 ጊዜ ተዋግታለች።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ "ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው?" አሉ። መልሱ እሳቸው ማሳ ላይ ነው። ለበቆሎው የሚዘሩት ማዳበሪያ፣ ያ ኤንፒኤስ የሚባለው፣ ከሞሮኮ ነው የሚመጣው። በሜዲትራንያን፣ በስዊዝ፣ በቀይ ባሕር ቁልቁል ወርዶ ባብ ኤል መንደብን አልፎ ጅቡቲ ይደርሳል። ያ በር ከተዘጋ መርከቡ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ ነው የሚመጣው፤ ቀኑም ነዳጁም ይጨምራል። ገበሬ ደግሞ ሰኔን አንድ ሳምንት ማስቆም አይችልም። ዲስትሮየሮቹ በሩን ሙሉ በሙሉ አላስከፈቱትም፣ እውነቱን መናገር ይገባል። ብዙ ሚሳኤል መቱ፣ ብዙ መርከበኛም አዳኑ። በስዊዝ የሚያልፈው የንግድ መርከብ ግን ከግማሽ በላይ ቀንሶ ቆየ፤ የመርከብ ባለቤቶች "አንዱ ቢያመልጣቸውስ?" ብለው ዙሪያውን መርጠዋልና።

እና የድንጋዩ ቁጥር። 90ው ጉድጓድ ባሕር ላይ ሳሉ አይሞላም። ማሸጊያው ረጅም ነው፣ ከነሚሳኤሉ ከአንድ ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ጠባቡ ቀዳዳ ውስጥ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ማዕበል መርከቧን ሲያወዛውዛት ይህን ማድረግ አደጋ ነው። ሠሪዎቹ ችግሩን ያኔውኑ አይተውት ነበር። ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሦስት ጉድጓድ መሥዋዕት አድርገው በቦታቸው ክሬን ተከሉ፤ ቁጥሩ 96 መሆኑ ቀርቶ 90 የሆነው ለዚህ ነው። ክሬኑ ግን አቅም አነሰው፣ ሥራውም አስጊ ሆነ፣ ተተወ። ስለዚህ ጉድጓዷ የተመናመነ መርከብ ክሬን ያለው፣ የተረጋጋ ወደብ ፈልጋ ውጊያውን ጥላ ትሄዳለች። ቀናት ይፈጃል። ልጁ ከማማው ወረደ ማለት ነው።

ይህን ስነግራቸው አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኛ እኮ ታናሽ ወንድሜ ከሥር ሆኖ ድንጋይ ያቀብለኝ ነበር። ለእነዚህ አቀባይ የላቸውም?" አሉኝ።

መልሱ ከጥቂት ወራት በኋላ መጣ። ጥቅምት 1 ቀን 2017 ካሊፎርኒያ አጠገብ፣ ቾሲን የምትባል ክሩዘር (ሌላ ዓይነት የጦር መርከብ) እና ዋሽንግተን ቻምበርስ የምትባል የስንቅ መርከብ ጎን ለጎን እየተጓዙ፣ አንድ የሚሳኤል ማሸጊያ በገመድ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተሻገረ። አዲስ የተሠራ መሣሪያ ተቀበለው፣ ቀጥ አድርጎ አቆመው፣ ጉድጓዱ ውስጥ አወረደው። ባሕር ላይ፣ በጉዞ ላይ። ሙከራ ስለነበር ማሸጊያው ባዶ ነበር።

ለአጎቴ ቡሬ ደወልኩላቸው። "ባዶውን?" አሉ። አዎ አልኳቸው። "በል ድንጋይ የገባበት ዕለት ደውልልኝ።"